አልጨፈን ያለችው ዓይኔ

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ቆሜአለሁ። ጸሎታችን የድብቅ ነውና ጎረቤት እንዳይሰማን ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ እናንተም ሳቃችሁን ዝቅ አድርጉልኝ።

ልብስ ሰፊ መሆኔን ታውቃላችሁ። ያኔ ጌታን አላውቅም፤ ቀልዴ ግን ከኮልፌ ተነሥቶ ጅማ ይገባ ነበር። ቀሚስ ልታስለካ የመጣች ሴት በሳቅ ስትፈርስ ልኳ ይጠፋብኝ ነበር።

አንድ ቀን ጆሮዬ ውስጥ እሳት ገባ። ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አወጣ፤ ከዚያ ግራ ፊቴ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ሐኪሙ፣ «አልማዝ ባለጭራ ነው። የልጅነትህ ጉድፍ ሰውነትህ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ፣ ተነሥቶ የፊትህን ነርቭ መታው። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» አለኝ።

አልማዝ የምትባል ሴት ሰላም ብዬ አላውቅም። ሰፈሩ ግን «አልማዝ በጥፊ አጣመመችው» አለ። የግራ ዓይኔም አልጨፈን አለች። ዓይኔን ባርገበገብኩ ቁጥር ቀኙ ብቻ ይከደናል፤ ያገኘሁትን ሁሉ እጠቅሳለሁ ማለት ነው። የሰፈራችንን አሮጊት እማማ ዘነበችን ሳይቀር ጠቀስኳቸው።

«አንተ ባለጌ፣ እናትህ አልሆንም?» አሉኝ።

ሴቶች ጨርቃቸውን እየወሰዱ ሄዱ። ስቀልድ የሰደብኳቸው ይመስላቸዋል። ምሳዬን ወደ ግድግዳ ዞሬ እበላ ነበር፤ ወጡ በአፌ ጎን ይወርዳላ። የቀረችኝ የስፌት መኪናዬ ነበረች፤ እሷ ደግሞ አትስቅም።

አንድ ከሰዓት መኪናዋ ላይ አንቀላፍቼ ስነቃ እማማ ዘነበች በር ላይ ቆመዋል።

«ተኝተህም አንዱ ዓይንህ ክፍት ነው። ለካ ባለጌ ሳትሆን በሽተኛ ነህ፤ ና እንጸልይልህ።»

«ጴንጤ ነዎት እንዴ?»

«ነኝ። ጠቅሰህ ጠርተኸኝ እንዴት ልቅር?»

እዚሁ ቤት አመጡኝ። «ዓይናችንን ጨፍነን እንጸልይ» ተባለ። ሁላችሁም ጨፈናችሁ፤ የኔዋ እምቢ አለች። በሷ አየኋችሁ። ሰፈሩ ሁሉ ፊቴን ላለማየት ይሸሽ ነበር፤ እናንተ ግን ማንም ያየናል ሳትሉ ስለኔ ታለቅሱ ነበር። እማማ ዘነበች፣ «ጌታ ሆይ፣ ብቻውን ነው የሚበላው፤ አብረኸው ተቀመጥ» ይላሉ። ይህን ለማን ተናግሬ አውቃለሁ? እዚያው ልቤን ለጌታ ሰጠሁ።

ፊቴ በአንዴ አልተመለሰም፤ ቀስ እያለ ነው የመጣው። ዛሬም ስስቅ ከንፈሬ ትንሽ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ዓይኔ ግን ትጨፈናለች፤ ስሙ ይባረክ። ምሳዬንም ወደ ሰው ዞሬ እበላለሁ።

እንግዲህ ብቻህን የተቀመጥክ ወንድሜ፣ ብቻሽን የተቀመጥሽ እህቴ፣ በዚህ ጌታ ታመኑ። አሁን እንጸልይ፤ እኔም እንደ ሰው ሁለቱንም እጨፍናለሁ። መጨፈን ያቃተው ካለ አይፈር፤ ቀና ብሎ ይየን፣ ስለሱ እያለቀስን ነው።