ሰርቨሯና ይሉኝታዬ

ለውጡ የመጣ ሰሞን ሐይቅ ዳር የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ለምሠራባት ትንሽ ሆስፒታል ሦስት ሰርቨር መጣ። ጦርነቱ ሲያልፍ አንዷ ብቻ ቀረችን። የካርድ ክፍሉን፣ የመድኃኒት ቤቱንና የላቦራቶሪውን ሥራ ሁሉ እሷው ላይ ጫንኩት። በአንዷ ሆድ ውስጥ ራሳቸውን የቻሉ ሰርቨሮች መስለው የሚኖሩ ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች ማለት ነው፤ ሦስቱም የሚካፈሉት የእሷኑ ስምንት ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስምንት አሳቢ ጭንቅላት ነው።

የክፍሌ መስኮት ወደ ውሃው ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሐይቁ ተነስቶ የአምባሰልን ተራሮች እስከ ወገባቸው ሲሸፍን፣ ሰርቨሯ እያንጎራጎረች፣ እኔም የስክሪኑን መስመሮች እያየሁ፣ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ የማላውቅበት ጊዜ ነበር። ጦርነቱ ራሱ አንዳንዴ ሌላ ሰው ያየው ሕልም ይመስለኛል።

የሚቀሰቅሰኝ ደጄ ላይ የሚቆም ሰው ነው። ቤቱ የተቃጠለበት የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ መጥቶ «እህቴ፣ ማሽኔ ተኛብኝ፤ አላህ ይጨምርልሽ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ» አለ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? ሁለት የነበረውን ፕሮሰሰር አራት አደረግሁለት። በማግስቱ የካርድ ክፍሏ እትዬ መጡ። «በእስጢፋኖስ! ለእሱ ሰጥተሽ ለኔ?» ብለው አኮረፉ። ልጃቸውን ያጡ ሴት ናቸው፤ ለእሳቸው ስድስት ሰጠሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለሁሉም ስምንት ስምንት ደረሰ። በጨመርኩ ቁጥር ግን ሁሉም ባሰበት፤ ስክሪኑ ላይ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ይታየኛል። ግራ ገባኝ።

አንድ ማለዳ ታናሽ እህቴ ከአምባሰል ወርዳ መጣች። ከጅዳ ተመልሳ ያገባች፣ የመጀመሪያዋን ያረገዘች ናት። እግሯ አብጧል። «ራሴን ያመኛል፣ ዐይኔም ላይ ጉም ነገር አለ» አለችኝ። እኔ ሆዬ በመስኮቱ እያየሁ «እዚህ አገር ጉም የሌለበት ማን አለ?» ብዬ ቀለድኩ። ለምርመራ ሽንት ሰጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ውጤቱ ሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ ካልተከፈተ አትጠራም። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ። ብቅ ስል ግድግዳ ተደግፋ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ፊቷ ገርጥቶ አገኘኋት። ያኔ ፈራሁ።

ተመልሼ ከዚያ በፊት ልብ ብዬ የማላውቀውን መስመር ከፈትኩ፤ ማሽኖቹ ተራ ሲጠብቁ የቆዩበትን ጊዜ የሚያሳየውን። ጣሪያ ነክቷል። መናኸሪያ ውስጥ «ስምንታችንም አብረን ካልተሳፈርን» የሚል ቤተሰብ፣ ሁለት ባዶ ወንበር ያለው ሚኒባስ እያለፈው ቆሞ ይውላል። ሦስቱን ማሽኖች እንደዚያ ቤተሰብ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ስምንቱም ፕሮሰሰር ባንዴ እስኪለቀቅላቸው ቆመው ይጠብቃሉ።

መቀነስ ነበረብኝ፤ ለመቀነስ ደግሞ ማሽኖቹን ማጥፋት። ማንንም አላስፈቀድኩም። ኮሪደሩ ተንጫጫ፤ እትዬ «ኧረ ምን ነካሽ!» እያሉ በሩን ደበደቡ። ለሁሉም ሁለት ሁለት ብቻ ተውኩላቸው። ማሽኖቹ ሲነሱ መስመሩ ዝቅ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሐኪሙ የእህቴን ስም እየጠራ ከክፍሉ ሮጦ ወጣ። የደም ግፊቷን ለክቶ ፊቱ ተለዋወጠ፤ በአምቡላንስ ወደ ደሴ ላኳት።

ከሰዓት በኋላ የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ ፊቱ በርቶ መጣ። «ጨመርሽልኝ አይደል? ወላሂ፣ አሁንማ ይሮጣል!» አለኝ። ቀነስኩብህ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለ።

በሦስተኛው ቀን እህቴ ደወለች። ሴት ልጅ ተገላግላለች።

«ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ ሁለታችሁም አትተርፉም ነበር አሉኝ» አለች። ከዚያ «እኔኮ በጠዋት ነው የመጣሁት። ያን ሁሉ ሰዓት ማነው ያስቀመጠኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሕፃኗ አጠገቧ ታለቅሳለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት።