የጆሮ ዳባ እሹሩሩ

ሃያ ስድስት ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርቶ ያተረፈው ነገር ቢኖር ዱቄት የማይለቀው ሽፋሽፍትና ድፍን ያለ ጆሮ ነው። ሰፈሩም «ጆሮ ዳባ» የሚል ስም አወጣለት። ጆሮ ዳባ ልበስ የሚባለው እየሰማ እንዳልሰማ ለሚሆን ሰው ነበር፤ እሱ ግን ወዶ አልለበሰውም። ማን ይከራከርለት? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱማ ጭራሽ አገር ለቆ የሄደ ባዳ ነው።

በአርባ ስምንት ዓመቱ ሴት ልጅ ተወለደችለት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ በሰው ተሞላ፤ እሱ ብቻውን ሆነ። ሴቶቹ አልጋውን ከበው ይሳሳቃሉ። የአንዷን ከንፈር አንብቦ ሳይጨርስ ወሬው ወደ ሌላዋ አፍ ይዘላል። ልጅቱ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ስትዞር እሱን ታልፈዋለች። አንድ ቀን አማቱ ጀርባቸውን ሰጥተውት ለሚስቱ ሲናገሩ፣ በቁም ሳጥኑ መስታወት አፋቸውን አየ።

«ሕፃን የሚናገረው በለቅሶ ነው። እሱ ደግሞ አይሰማ። ነፍስ እስክታውቅ እኔ ዘንድ ትሁን።»

ነገር በዓይን ይገባል የሚሉት እውነት ነው፤ ይኸኛው ገብቶ አልወጣም። ሚስቱ ግን አልተቀበለችም። «ሐሙስ የኦፕራሲዮን ቁስሌን ላሳጥብ ሐኪም ቤት ስሄድ እሱ ይዟት ይዋል፣ እማ። ካቃተው ውሰጃት» አለች። አማቱ የሚኖሩት መንገዱን ተሻግሮ ነው፤ እዚያው ሆነው ሊጠብቁ ተስማሙ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሚስቱ ከጡቷ አልባ የተወችውን ወተት በጡጦ ሰጣት። ልጅቱ የሃያ አራት ቀን ሕፃን ናት፤ ከመስገብገቧ ብዛት ከወተቱ ይልቅ አየሩን ጠጣች። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ ቀላ፣ ጉልበቷ ወደ ሆዷ ታጠፈ፣ አፏ ተከፈተ። ጩኸቷን አየው። ትከሻው ላይ አድርጎ መታ መታ አደረጋት፤ ምንም። ጨርቋን ፈተሸ፤ ደረቅ ነው። ሆዷ ተወጥሯል። ሆድ ባሰው። የገዛ ልጁ ደረቱ ላይ ሆና እየጠራችው፣ ከተዘጋ መስኮት ማዶ እንዳለች ሁሉ ራቀችው። እውነታቸውን ይሆን? አቅፏት ወደ አማቱ ሊሄድ በሩ ድረስ ደረሰ።

እዚያ ነው መዳፉ የነቃው። ወፍጮው ሲታነቅ ሌላው ሰው ጆሮውን ይጥላል፤ እሱ ግን መዳፉን ጎኑ ላይ አሳርፎ የቱ ጋ እንደታነቀ ያውቃል። አሁንም ከሆዷ ሥር የያዛት እጁ ላይ አንድ ነገር ተንከባለለና ቆመ።

«እዚህ ነህ እንዴ?» አለው።

ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በክንዱ ላይ በሆዷ አስተኛት። ቆይቶ በጀርባዋ አጋድሞ ጉልበቷን ቀስ አድርጎ አጠፈ፣ ዘረጋ። ከዚያ ደረቱ ላይ ቀጥ አድርጎ ይዞ ከወገቧ ወደ ላይ ያሻት ጀመር። ማባበያ ዜማ ጠፋበትና የራሱን ፈጠረ፤

«ውጣ አንተ ነፋስ፣ ውጣ አንተ ሌባ፣
ከልጄ ሆድ ውስጥ ማን አለህ ግባ?»

ስንት ጊዜ እንዳለው አይታወቅም። በመጨረሻ መዳፉ ሥር አንድ ጉብ ያለ ነገር ሽቅብ አለፈ፣ ጀርባዋ ነዘረ፣ የረጋ ወተት ትከሻው ላይ ፈሰሰ። አገሳች! ከታችም ተከተለ፤ ይህንን በአፍንጫው አወቀ። ሳቀ። የሚነግረው ሰው ፈለገ፤ ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። እንቅልፍ እስኪወስዳት፣ ከወሰዳትም በኋላ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዜማውን ቀጠለ።

እሱ የሚያንሾካሹክ መስሎታል። ድምፁ ግን ወፍጮን አሸንፎ ለመሰማት የለመደ ድምፅ ነው፤ አጥር ይነቀንቃል። ጎረቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ስፌቷን ጥላ ወደ አማቱ በረረች። «እትዬ፣ ኧረ ይድረሱ! ሕፃኗ ላይ እየጮኸባት ነው! ሌባ ይላታል!»

ትከሻውን እጅ ሲነካው ዓይኑን ገለጠ። አማቱ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገዋል። «ዝም በል! ትነቃለች!»

ዝም አለ። ዝም ባለበት ቅጽበት ልጅቱ ነቃች፤ ፊቷ ቀላ፣ አፏ ተከፈተ። አማቱ ከደረቱ ላይ አነሷት። እያወዛወዙ ክፍሉን ዞሩ፣ ጆሮዋ ሥር በለሆሳስ እሹሩሩ አሉ፣ መስኮት አሳዩአት፣ ትከሻ ቀየሩላት። ልጅቱ ባሰባት። እሱ ባዶ እጁን ቁጭ ብሎ አያቸው። አለቀ፣ ወሰዷት ብሎ አሰበ። ተነሣና ብርድ እንዳይመታት የምትጠቀለልበትን ፎጣ ያጥፍ ጀመር። ዓይኑ እንባ ስላቀረረ ቀና ማለት አልፈለገም።

አማቱ ፊት ለፊቱ መጥተው ቆሙ። ቀና እስኪል ጠበቁት። ከዚያ እንዲያያቸው አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብለው ተናገሩት።

«እንካ ልጅህን። ጩህላት።»