በአንድ ጣት የሚከፈት በር

በያጁን ሰፈሩ የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በበሮቹና በውሾቹ። በሮቹን የማያመሰግን አልነበረም። ውሾቹን ግን ከእሱና ከአንዲት ጡረተኛ አዋላጅ በቀር የወደዳቸው የለም።

ውሾቹ ወንድምና እህት ናቸው። ወንዱ ሻለቃ፣ ሴቷ ወይዘሮ ይባላሉ። ያመጣቸው ዕለት ሁለቱም አንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ገብተው ነበር፤ በሁለት ዓመታቸው ሻለቃ ብቻውን ስልሳ ሁለት ኪሎ መዘነ። በያጁ ውሻ ማሳደግ ማለት አጥንት ወርውሮ መተኛት ነው ከሚሉት ወገን አይደለም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይበዛ፣ አፋቸውን አስሮ ያወጣቸዋል፤ ሰንሰለታቸውንም ወገቡ ላይ ይጠመጥመዋል። ዓይነ ምድራቸውን በላስቲክ ይሰበስባል፤ ለዚህ ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ስቆበታል። የራሱን የደም ግፊት መድኃኒት የሚረሳ ሰውዬ የእነሱን የክትባት ቀን በልቡ ይዞታል። እናቶች ሲያዩት ልጆቻቸውን ጎትተው ወደ ማዶ ይሻገራሉ፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ትልቅ ውሻ ያለው ሰው ምንም ሳያጠፋ ቀኑን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቅ ይውላል።

አብራው የምትኖረው እናቱ ትከሻዋን ታማ ክንዷ ከወገቧ በላይ አልነሳ ሲላት፣ የግቢውን በር መቀርቀሪያ ፈቶ ሌላ ሠራላት። ዝቅ ያለ ነው፤ ከታች በአንድ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ይነሳል፣ ሲለቁት በራሱ ክብደት ይወድቃል። ግቢው ጠባብ ስለሆነ በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። በያጁ በር የሚያስረክበው በጆሮው ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆምና ደንበኛውን ያዘጋዋል፣ ድምፁ ካልጣመው እንደገና ፈቶ ይሠራዋል። የእናቱ በር ቀጭ ብሎ ሲገጥም ደስ ይለው ነበር። ሰው በመጣ ቁጥር “እስቲ በአንድ ጣት ክፈተው” እያለ ያስከፍታል፤ ሙያተኛ መቼም ትንሽ ጉራ አያጣም።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ እሱ ለደንበኛ የመስኮት ብረት ሊገጥም ሄዷል። እናቱ ክር ልትገዛ ወጣ ብላ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ውሾች መንገድ ላይ ታዩ። ሻለቃ አዋላጇን ከሩቅ አያትና ሮጠ። አልነከሳትም። ሁልጊዜ በአጥር ቀዳዳ ታሻሸው ስለነበር ሰላም ሊላት የፊት እግሮቹን ትከሻዋ ላይ ጫነ፤ ሴትዮዋ ወደ ኋላ ወድቃ የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። በያጁ ሲደርስ ሻለቃ አጠገቧ ተኝቶ ፊቷን ይልሳል፣ ሰው ደግሞ ከሁለቱም ርቆ ቆሟል።

የአዋላጇ ልጆች ውሻው ይገደል አሉ፣ የሰፈሩ ኮሚቴም ተስማማ። የእንስሳት ሐኪሙ መርፌውን ሲወጋ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ የያዘው በያጁ ራሱ ነው። ወይዘሮ ግን እንድትቆይ ተፈቀደላት። ጥፋቱ የውሻ ሳይሆን በሩን መዝጋት የዘነጋች አሮጊት ነው ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ በያጁም ከራሱ ቁመት በላይ የሆነ ሌላ መቀርቀሪያ እንዲገጥም ታዘዘ። እናቱን አልተቆጣትም። “እርጅና ነው እማዬ፣ ምን ታደርጊ” አላት በለሰለሰ ድምፅ። እሱ እንደሚያስታውሰው እሷ ምንም አልመለሰችም።

ከዚያ በኋላ እናቱ ሌላ ሰው ሆነች። ምድጃውን አጥፍታ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ትነካካዋለች። ውሃው መዘጋቱን፣ መብራቱ መጥፋቱን ጮክ ብላ ለራሷ ትናገራለች። በየሳምንቱ እንጀራ እናቷ ፊት እንደቆመች ልጅ አንገቷን ደፍታ አዋላጇን ይቅርታ ትጠይቃለች። ከሁሉ የከፋው የልጅ ልጇ ነገር ነው። የበያጁ እህት ሥራ ስትሄድ የዘጠኝ ወር ሕፃኗን ለእናቷ ነበር የምትተወው። እናት ግን ከዚያ ሰኞ በኋላ “ልጅሽን ሌላ ሰው ፈልጊላት፤ እኔ አልታመንም” አለች። እህቱ ለመነች፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻ ሕፃኗን ወደ አማቷ ወሰደቻት።

በያጁም ሰላም አልነበረውም። ጎህ ሲቀድ ወይዘሮን ይዞ ሲወጣ በግራ በኩል ለሌላው ቦታ ትቶ ነው የሚራመደው። ሲበይድ ከጀርባው ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማና ጭንብሉን ያነሳል፤ ማንም የለም። አንዳንዴ ጭኑ ላይ ያ ጭንቅላት ሲከብደው ይነሳና ቆሞ ምሳውን ይበላል።

አሥራ አራት ወር አለፈ። ጥሩ ብረት መጣል አይሆንለትምና፣ ከግቢው በር የፈታውን መቀርቀሪያ አንድ ቀን ከቁርጥራጭ ሳጥኑ አውጥቶ በሱቁ የጓዳ በር ላይ በየደው። በማግስቱ ወይዘሮን ጓዳ ዘግቶባት ላሜራ ሲቆርጥ ቀጭ አለ። የተለመደው ድምፅ መስሎት ቀና አላለም። ቀጥሎ ግን ትልቅ እርጥብ አፍንጫ እጁን ነካው። መልሶ ዘጋባትና በስንጥቁ አያት። አፍንጫዋን ከታች አስገብታ ገፋ አደረገችው፣ ተነሳላት፤ በሩን በግንባሯ ከፍታ ወጣችና ጭራዋን እየቆላች ፊቱ ቆመች። መቀርቀሪያው ከኋላዋ ወደቀ። ሰው ያስተማራት ያህል ሥራው በጣም ቀልሏት ነበር።

በያጁ ላሜራው ላይ ተቀመጠ። ሠራሁላት ያለው በር ነው እናቱን ጥፋተኛ ያደረጋት።

ወዲያው ሄዶ ነገራት ብል ደስ ባለኝ፤ አልነገራትም። ቢናገር ወይዘሮ ትገደላለች፤ በር የሚከፍት ውሻ በሰፈሩ እንዲኖር የሚፈቅድ ኮሚቴ የለም። ሁለተኛ ጭንቅላት ጭኑ ላይ መያዝ አይችልም። ደግሞስ ውሻ የሚከፍተው በር ለሠራ በያጅ ማን ሥራ ይሰጠዋል? እማዬም ለምዳዋለች፣ አለ ለራሱ። መቀርቀሪያውን ከጓዳው በር ነቅሎ ጣለው። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ቀን ዋለ አደረ፤ በእነዚያ ቀናት እናቱ ምድጃውን ለመነካካት ስትመለስ ዓይኑን ከእሷ ያሸሽ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እህቱ ልጇን ይዛ መጣች። ስልክ ለመደወል ወደ ግቢ ልትወጣ ስትል “እማዬ፣ ለሁለት ደቂቃ ብቻ እያት” አለች። እናቱ ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

“አይሆንም ልጄ። ይዘሻት ውጪ።”

በያጁ እጆቿ ሲደበቁ አየ። ያየውን መቻል አቃተው።

“እማዬ፣ ያን ቀን በሩን ዘግተሽው ነበር” አለ። “የከፈተችው ወይዘሮ ናት። በአፍንጫዋ ታነሳዋለች። በዓይኔ አይቻለሁ።”

የኋላው ይቅደምና፣ እህቱ ነገር አፏ ውስጥ የሚያድር ሴት አይደለችም። እሱ ግን ከእሷ ቀድሞ በዚያው ቀን ለአዋላጇም ለኮሚቴውም ራሱ ሄዶ ተናገረ፤ ወይዘሮም በሳምንቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። ጭንቅላቷን የያዘው አሁንም እሱ ነው።

እናቱ ግን እሱ ይህን ሲነግራት አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። እጆቿን እንደደበቀች፣

“ነግሬህ ነበር እኮ” አለችው።

“መቼ?”

“ያን ቀን ማታ። በማግስቱም ጠዋት ጫማህን ስታስር። ዘግቼዋለሁ፣ ድምፁንም ሰምቻለሁ አልኩህ። አንተ ‘እሺ እማዬ፣ እሺ’ አልከኝ።”

በያጁ አሰበ። ያን ጠዋት አስታወሰው፤ ጫማውን፣ የተበጠሰውን ማሰሪያ፣ ቆሻሻውን ወለል ሁሉ አስታወሰ። የእናቱ ድምፅ ግን ትዝ አላለውም።

“ታዲያ ለምን ተውሽው?” አላት።

“አንተ በር ታውቃለህ፤ እኔ ምን አውቃለሁ? ጭንቅላቴ ሄዷል ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩ።”

ይህን ብላ ወደ ልጅቷ ዞረች። እጆቿን ከጀርባዋ አውጥታ ክንዷ እስከሚነሳላት ድረስ ዘረጋች፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ይበቃል። “ነይ” አለቻት። ልጅቷ አሮጊቷን አየቻት፣ ማን እንደሆነች አላወቀችም፣ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ፊቷን ደበቀች።