የጎረሰውን የካደው ኮምፒውተር

በ1994 ዓ.ም. በጋ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ የአባቴ ኮምፒውተር ዲስክ ማንበብ አቆመ። ኮምፒውተሩ የአባቴ ነው ስል የሰማ ሁሉ ይስቃል። ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድተዋል። ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት የመኪና ዕቃ ስም ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን አብዛኛው ጣልያንኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ነገሩ የጀመረው ከእጃቸው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ እጃቸው ሰነፈ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንደበታቸውን አልነካውም። ጎረቤቶቻችን ይህን ምስጋና ሁልጊዜ አይጋሩኝም ነበር። ሐኪሙ የሚጨመቅ የላስቲክ ኳስ ሰጥቶ በየቀኑ እንዲለማመዱበት አዘዘ። ኳስ መጭመቅ የሕፃን ሥራ ነው ብለው ለጎረቤት ሕፃን ሰጡት።

በግራ እጅ መብላት ደግሞ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ጠዋትና ማታ እኔ አጎርሳቸው ነበር። ጉርሻ አንዴ ሁለቴ ሲሆን ፍቅር ነው፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ትልቅ ሰውን አንገት ያስደፋል። አባቴ ለቅሶ ቤት መቀመጥ ተዉ። ድግስ ሲጠሩ ሆዴን አሞኛል ማለት አበዙ። አንድ ቀን እያጎረስኳቸው ሳለ፣ "በራሴ እጅ ሳልጎርስ እንዳልሞት ጸልዪልኝ" አሉኝ። ጸለይኩ።

መልሱ ካላሰብኩት ቦታ መጣ። ቤታችን ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ ነው። በአጥሩ ማዶ የሚኖረው ጎረቤታችን መሳለሚያ አጠገብ ያገለገሉ ቴሌቪዥኖችና ራዲዮኖች ይሸጣል። የስልጤ ሰው ነው፤ በሶላቱ የማይቀልድ ሙስሊም። ከውጭ ከገባ አሮጌ ዕቃ መሀል ማንም ያልፈለገው ኮምፒውተር አገኘና ለአባቴ መጫወቻ ይሁን ብሎ አመጣው። ማሽኑና የፊደል ገበታው አንድ ላይ የተሠሩ ናቸው። ከቴሌቪዥን ጋር ይገጠማል፤ በጎኑ ትንሽ ዲስክ የሚጎርስበት አፍ አለው። ያኔ እንኳ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነበር። ከሁለት ዲስክ ጋር መጣ፤ በአንዱ የእግር ኳስ፣ በሌላው የመኪና ውድድር ጨዋታ አለ። መጫወቻው በእጅ የሚጨበጥ አጭር ዘንግ ነው።

አባቴ ዘንጉን አዩትና፣ "ካምቢዮ ነው" አሉ። ማርሽ ደግሞ በቀኝ እጅ እንጂ በግራ አይቀየርም። የማይታዘዘውን ቀኝ እጃቸውን በግራ አንስተው ዘንጉ ላይ አስቀመጡት።

ውድድሩን አልተወዳደሩም። ከኋላ የመጣ መኪና ሁሉ እንዲያልፋቸው መንገድ ይለቃሉ፤ መታጠፊያ ላይ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ሁልጊዜ መጨረሻ ይወጣሉ። ያለፏቸውን እያዩም፣ እነዚህ ሁሉ ገደል ነው የሚገቡት ይላሉ። እኔ የማየው እጃቸውን ነበር። በጥቅምት ምንም መጨበጥ ያቃተው እጅ በታኅሣሥ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ ያደርግ ጀመር።

እንግዲህ ያ ኮምፒውተር ነው ከጥምቀት በኋላ ያመፀው። ማታ ልጄ ከሥራ ስትመለስ አባቴ ባዶ ሰማያዊ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው። ልጄ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት፤ እንግሊዝኛውን የምታነብላቸው እሷ ናት።

"ዲስክ የለም ይላል፣ አባባ። እንደገና ልሞክር፣ ልተወው ወይስ ልሰርዘው ብሎ ይጠይቃል።"

"የጎረሰውን ካደ?" አሉ አባቴ። "ይሞክር በይው።"

ሞከረ። ዲስክ የለም አለ። ራት እስኪቀርብ ድረስ እሳቸው ይሞክር ይላሉ፣ እሱ የለም ይላል።

በማግስቱ ጎረቤታችን መፍቻውን ይዞ መጣ። መጀመሪያ የኳሱን ዲስክ አጎረሰው። ያንንም ካደ። ጎረቤታችን ሁለቱንም ከካደ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን የአፉ ነው አለና ክዳኑን ፈታው። ከውስጥ በርበሬ ወጣ። በእኛ ሰፈር በርበሬ የማይገባበት ነገር የለም፤ በጸሎት መጽሐፌ ገጾች መሀል እንኳ አለ። ጎረቤታችንም የሰፈሩ ሰው ሆኖ ሳለ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ጎንበስ ብሎ እፍ አለበት። ምርመራው ተቋረጠ። ሁላችንም ግቢ ወጥተን ዓይናችንን ታጠብን።

ሲመለስ ዲስኩን የሚያነበው ጫፍ በአልኮል መጠረግ አለበት አለ። አባቴ በደስታ አረቄ ይምጣ አሉ።

"ጋሼ፣ እኔ አረቄ በእጄ አልይዝም" አለ ጎረቤታችን።

"አንተ አትያዝ። ለማሽኑ የሚበቃውን እኔ አጠጣዋለሁ፤ የተረፈውን አውቃለሁ።"

ጎረቤታችን ፋርማሲ ሄዶ የቁስል አልኮል ይዞ መጣ። በጥጥ አድርጎ ጫፉን ጠረገው። ኮምፒውተሩ በንጹሕ አፉ ዲስክ የለም አለ።

በሰፈር ውስጥ ጸበል ረጭታበት ነው የሚል ወሬ ተነሣብኝ። አልረጨሁም። በኤሌክትሪክ ላይ ውኃ እንደማይረጭ አውቃለሁ። ጎረቤታችን ግን ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ በር ላይ ቆሞ በጣም በትሕትና፣ "እትዬ፣ ለእሱ ጸሎቱ ብቻ ይበቃዋል" አለኝ።

አባቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቺንጋው ነው ይሉ ነበር። ቺንጋ ማለት ሞተር ሲዞር ሌላውን ዕቃ እንዲያዞር የሚጠመጠም የጎማ ቀበቶ ነው። ማንም አልሰማቸውም፤ ምክንያቱም አባቴ ሁሉን ነገር ቺንጋው ነው ይላሉ። ፍሪጁ ሲበላሽ ቺንጋው ነው ብለዋል። መብራት ሲጠፋም ብለዋል። እኔን ጉልበቴን ያመመኝ ጊዜም ያው ነው።

ጎረቤታችን ምናለሽ ተራ ገብቶ ሌላ የዲስክ አፍ ሲፈልግ ዋለ። ማታ ቬንትሌተር ይዞ ተመለሰ፤ ጥሩ ዕቃ አግኝቶ ማለፍ አልሆነለትም። አባቴ በዚህ መሀል ዝም እያሉ ሄዱ። ቀኝ እጃቸው ጋቢው ሥር ተመለሰ። ሳጎርሳቸው ዓይኔን አያዩም። እኔ የፈራሁት ያንን ነበር። ኮምፒውተሩ ቢሞት ይሙት፤ ያ እጅ ግን አብሮት እንዳይሞት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን መጣ። ከዚህ በኋላ ተስፋ እንደሌለው ለአባቴ ሊያስረዳ ነበር። የተፈታውን ማሽን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ አበራው። እኔ አጠገባቸው ልብስ እሰፋ ነበርና ወደ ውስጡ አየሁ። ትንሹ ጎማ ሞተሩ ላይ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ዲስኩን የሚያዞረው ትልቁ ጎማ ግን ይጀምርና ይደክማል፣ ይጀምርና ይደክማል። የስፌት መኪናዬም አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጋኛለች። በሁለቱ መሀል ያለውን ቀበቶ በመርፌ ነካ ሳደርገው እንደ ማስቲካ ተጎተተ።

"ቺንጋው ላልቷል" አልኩ።

ጎረቤታችን ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና፣ ዲስኩ በሚገባው ፍጥነት ካልዞረ ማሽኑ እንደሌለ ይቆጥረዋል አለ።

"ማን ነበር ያለው?" አሉ አባቴ። እስኪመሽ ድረስ በየመሀሉ ይጠይቁ ነበር።

የሚተካ ቺንጋ አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም። ጎረቤታችን የብር ማሰሪያ ላስቲክ አመጣ። ገጠመውና ሲያበራው ተስፈንጥሮ የልጄን ግንባር መታ። ከዚያ አባቴ ወደ መንገዱ እያመለከቱ ካላማዳሪያ አሉ። መርካቶ ውስጥ ኩሊዎች በጋሪ ላይ ዕቃ የሚያስሩት በጎማ ውስጥ በሚገባው ካላማዳሪያ ነው፤ አግድም ይቆርጡታል፣ ቀለበት ይሆናል። ጎረቤታችን የሞተር ሳይክል ካላማዳሪያ ይዞ መጣ፤ ልኩ ደረሰ። የቀረው ቀጭን አድርጎ፣ ዙሪያውን እኩል መቁረጥ ብቻ ነው።

እሱ የቆረጠው በአንድ ወገን ወፈረ። ኮምፒውተሩ እያነከሰ ግማሹን አነበበ፤ መንገዱ መጣ፣ መኪናው አልመጣም። ልጄ የቆረጠችው ሲወጠር ተበጠሰ። እኔ ልቀጥል መቀሱን ሳነሣ አባቴ፣ "ወዲህ አምጪው" አሉ።

የእኔ መቀስ የልብስ መቀስ ነው፤ ይከብዳል። በቀኝ እጃቸው ያዙት። ካላማዳሪያውን በግራ ያዙ። ጎረቤታችን ጣራውን ያይ ጀመር፤ ልጄ መስኮቱን። እኔ በልቤ አባታችን ሆይን ጨርሼ እመቤታችን ማርያም ሆይን ጀመርኩ። እሱንም ጨርሼ ሁለቱንም ደገምኩ፤ መቀሱ ገና መንገድ ላይ ነበር። አባቴ እንደሚነዱት ነው የቆረጡት፤ ማንም አላጣደፋቸውም። በመጨረሻ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ጭናቸው ላይ ወደቀ። ዙሪያው እኩል ነበር።

ጎረቤታችን ገጠመው። ልጄ ዲስኩን አጎረሰችው። ማሽኑ ጉርርር አለ፣ ቆም አለ፣ እንደገና ጉርርር አለ። ምንም አልጠየቀም። መንገዱ መጣ፤ ከዚያ መኪናው መጣ። አባቴ ዘንጉን ይዘው መንዳት ጀመሩ። ሁሉም አለፏቸው።

ጎረቤታችን ሶላቱ እንዳያልፈው ተነሣ። አመሰገንኩት። በሩ ላይ ሲደርስ አባቴ ከቴሌቪዥኑ ሳይዞሩ፣ ለመሆኑ ቺንጋው ነው ያለው ማን ነበር አሉት።

"እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ" አለ። "አላህ ጤና ይስጥዎት፣ ከእንግዲህ ፍሪጄንም እርስዎ ያዩልኛል።"

ራት ሲቀርብ አባቴ እየነዱ አፋቸውን ከፈቱ። እንደ ልማዴ አጎረስኳቸው። መቀሱን ግን እያሰብኩ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ነው። እሑድ ጠዋት ቁርሳቸውን ሳላጎርሳቸው ለቅዳሴ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ፍርፍሩን አቅርቤ፣ ሰሃኑን በቀኝ እጃቸው በኩል አስቀመጥኩት።

"አታጎርሺኝም?" አሉ።

"እጅዎ ይሞክር" አልኳቸው። ነጠላዬን አጣፋሁና ወደ ኋላዬ ሳልዞር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።