የግድግዳ ጎረቤቴ ስሞታ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት መስከረም ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ የመታጠቢያ ቤት በር ዘግቼ አላውቅም። ልጄ «ማሚ፣ እባክሽ ዝጊው!» እያለች ብትጮህም ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ምክንያቱን መናገር ስለሰለቸኝ ጻፍኩት። በመርከብ ለመዝናናት ያሰበ ሰው ካለም ይጠቅመው ይሆናል።

የምኖረው ሳን ሊያንድሮ ነው። ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። አንዲት ልጄ ሳምራዊት ማውንቴን ቪው ትሠራለች። የዓመት ዕረፍቴ ሲደርስ ደወለችና፣ «ማሚ፣ ክሩዝ ቡክ አድርጌያለሁ። ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስተን አላስካ ደርሰን እንመለሳለን። ኖ ማለት አይቻልም» አለችኝ።

እኔ ያሰብኩት ዕረፍቴን ቤተ ክርስቲያን እየተሳለምኩና ጉልበቴን እያሳረፍኩ ለማሳለፍ ነበር። ግን የልጅ ስጦታ እንዴት ይመለሳል? ተመስገን ብዬ ተቀበልኩ።

ቤተ ክርስቲያን ለእትዬ የሺ ነገርኳቸው። እሳቸው አንድ ጊዜ ከልጆቻቸው ጋር በመርከብ ሄደው ያውቃሉ።

«መስኮት የሌለው ክፍል እንዳትይዢ» አሉኝ።

«ተይዟል እኮ እትዬ። ሳምሪ ‹ክፍል ውስጥ ማን ይቀመጣል፣ ለእንቅልፍ ብቻ ነው› አለች።»

«እንግዲያው እግዚአብሔር ይሁንሽ» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ነገሩ የገባኝ መርከቡ ላይ ስወጣ ነው። ክፍሉ የእኔን ማድ ቤት አያክልም። የበሩን ካርድ ግድግዳው ላይ ያለች ቀዳዳ ውስጥ ካልከተቱት መብራት አይበራም። መብራቱን ሲያጠፉት ደግሞ ጠዋት ይሁን ማታ አይታወቅም። የኤሌክትሪክ መሰኪያው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የሳምሪ ስልክና ኮምፒዩተር ተሻሙበት። መታጠቢያ ቤቱ ደፉ ከፍ ያለ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን አደናቀፈኝ። መጸዳጃው ውኃ ሲለቀቅበት እንደ አውሎ ነፋስ ይጮሃል።

አንድ ነገር ብቻ ደስ አለኝ። የክፍሉ ግድግዳ ብረት ነው። ሳምሪ ከፍሪጄ በር ላይ ማግኔቶች ነቅላ ይዛ መጥታ ነበር። በነሱ የእመቤታችንን ሥዕል ከአልጋዬ አጠገብ ለጠፍኩ። ምሥራቅ በየት እንደሆነ ስለማላውቅ ወደ ሥዕሉ ዞሬ ልጸልይ ወሰንኩ።

ከዚያ ግድግዳ ማዶ ሰው እንደሚተኛ አላሰብኩም።

በመጀመሪያው ጠዋት ቤቴ እንደምጸልየው ጸለይኩ። እኔ ድምፅ አውጥቼ ካልጸለይኩ የጸለይኩ አይመስለኝም። ገና ሳልጨርስ የክፍሉ ስልክ ጮኸ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ናት።

«ይቅርታ እመቤት፣ ከጎረቤት ክፍል ስለ ድምፅ ስሞታ ደርሶናል» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ሳምሪ ብርድ ልብሷ ውስጥ እንዳለች፣ «ማሚ፣ አይ ቶልድ ዩ! ሰው ቫኬሽን ላይ ነው» አለች።

«እኔስ ምን ላይ ነኝ?»

«አንቺ ቅዳሴ ላይ ነሽ።»

በማግስቱ ድምፄን ቀነስኩ። ግድግዳው በጡጫ ተመታ። የእመቤታችን ሥዕል ከነማግኔቱ ወደቀ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ሥዕሉን አንስቼ ሳምኩና አለቀስኩ። ሳምሪ ልታጽናናኝ ብላ፣ «በልብሽ ጸልዪ፣ እሱ ይሰማል አይደል?» አለችኝ። ልክ ናት፤ ግን በዚያ ሰዓት ልክ የሆነ ነገር መስማት አልፈለግሁም።

የዚያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ሰውዬውን አየሁት። ረጅም፣ ሸምገል ያለ፣ ፊቱ የማይፈታ ነጭ ሰው ነው። ቁልቁል ተመለከተኝና፣ «ዘፋኟ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«ዘፈን አይደለም፤ ጸሎት ነው» አልኩት።

«እግዚአብሔር በዚያ ሰዓት አይተኛም?»

«እሱ አይተኛም።»

«እኔ ግን እተኛለሁ» አለና በሩን ዘጋ።

ተናደድኩ። ስንት ሰው ሌሊቱን እየጠጣ ኮሪደሩ ላይ ሲጮህ ያድራል፤ የኔ ጸሎት ብቻ ነው የሚረብሸው? እንግዳ መቀበያ ሄጄ ክፍል እንዲቀይሩልኝ ጠየቅሁ። መርከቡ ሙሉ ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ በሹክሹክታ መጸለይ ጀመርኩ። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎቱ ግን ጉሮሮዬ ላይ እየቀረ አስቸገረኝ። ባሕሩን አየሁ፣ በረዶ የለበሰውን ተራራ አየሁ፤ ሁሉም ውብ ነበር። እኔ ግን ልቤ ከዚያ ግድግዳ አልተላቀቀም።

አንድ ቀን መርከቡ ወደብ ያዘ። ሳምሪ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ተራራ ልትወጣ ተመዘገበች፤ የምትመለሰውም ወደ ማታ ነው። እኔ በጉልበቴ ምክንያት ቀረሁ። ክፍሉን የሚያጸዳው ሠራተኛ በጸሎቴ መካከል እንዳይገባ ብዬ «አትረብሹ» የሚለውን ካርድ በሩ ላይ አንጠለጠልኩ። በሹክሹክታዬ ጸለይኩ። የስኳር ሕመም ስላለብኝ ኪኒኔን ዋጥኩ። ኪኒኑን ከወሰድኩ ወዲያው እህል መቅመስ አለብኝ። ቁርስ ከመውረዴ በፊት ፊቴን ልታጠብ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ቆለፍኩ።

ብቻዬን ሆኜ ለምን ቆለፍኩ? ኦክላንድ እንደመጣሁ ብዙ ሰው በደባልነት በሚኖርበት አፓርትማ ነበር የኖርኩት። የመታጠቢያ ቤት በር መቀርቀር ከዚያ ያመጣሁት ልማድ ነው።

ታጥቤ መቀርቀሪያውን ሳዞረው ዝም ብሎ ዞረ። በሩ አልተከፈተም። ወደ ግራ አዞርኩት፣ ወደ ቀኝ አዞርኩት፣ በትከሻዬ ገፋሁት። ምንም የለም። ስልኬ አልጋው ላይ ነው። ቁርሴ ታች ነው። ልጄ ተራራ ላይ ናት። በሩ ላይ ደግሞ ማንም እንዳይመጣብኝ በገዛ እጄ የሰቀልኩት ካርድ አለ።

በሩን ደበደብኩ። «ሄልፕ!» አልኩ። መጀመሪያ ላይ ድምፄ አልወጣ አለኝ። ለቀናት ሳፍነው ከርሜ ጩኸት እንኳ ጠፍቶብኝ ነበር። ኋላ ጮህኩ። ማንም አልመጣም። ከመታጠቢያ ቤቱ ሌላ የክፍሉ በር አለ፤ ከሱ ወዲያ ኮሪደሩ፤ ሰዉም ሁሉ ወደ ከተማው ወጥቷል።

ጥቂት ቆይቶ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላብ አጠመቀኝ። ስኳሬ እየወረደ እንደሆነ አወቅሁ። መጦሪያው ውስጥ ይህ የደረሰባቸውን አረጋውያን አይቻለሁ። በጊዜ ካልተደረሰላቸው ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ሳሙና፣ ሻምፖ፣ ፎጣ አየሁ፤ አፍ የሚደርስ ነገር የለም። የመጸዳጃውን ክዳን ዘግቼ ተቀመጥኩበት። ሳምሪ ማታ በሩን ከፍታ ስትገባ የምታየው ነገር ታሰበኝ። ስጦታዋ እንዲህ ሆኖ ይቅርባት? ይህንን አምላኬን ጠየቅሁት።

ከራሴ በላይ ከአየር መውጫው ቀዳዳ ሳል ሰማሁ።

ያ ሰውዬ ነው! ሳሉን አውቀዋለሁ። ሁለቱ መታጠቢያ ቤቶች ጀርባ ለጀርባ ስለሆኑ በየማለዳው ሲያስልና ሲጉመጠመጥ በዚያ ቀዳዳ ስሰማው ነው የሰነበትኩት። ከቁርስ ተመልሶ መሆን አለበት። «ሄልፕ! ሄልፕ!» አልኩ። የሱ ቧንቧ ይንጫጫል። ቧንቧው ሲዘጋ ደግሜ ጮህኩ። የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግቶ ወጣ፤ መልሶ ሊተኛ ነው መሰለኝ።

ተስፋዬ ተቆረጠ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ይህ ሰው የማይታገሠው አንድ ነገር ብቻ ነው። በእንቅልፉ መካከል ጸሎት ከሰማ ዝም አይልም።

የመጸዳጃው ክዳን ላይ ወጣሁ። እንዳልወድቅ የፎጣ መስቀያውን ያዝኩ። አፌን ወደ ቀዳዳው አቅርቤ እግዚኦታ ጀመርኩ። በሹክሹክታ አይደለም። በስቅለት ቀን እንደምንለው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሞላ እንደምንለው፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ። ወደ እግዚአብሔር ይሁን ወደ ሰውዬው ንዴት እኔም አልለየሁትም። እሱ ይቅር ይበለኝ። ራሴ ሲዞር አቆማለሁ፤ ትንፋሽ ሳገኝ እንደገና እቀጥላለሁ።

ግድግዳው ተመታ።

በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም። «ተመስገን!» ብዬ ድምፄን ጨመርኩ። ደግሞ መታ። እኔም ጨመርኩ። ከዚያ መምታቱን ተወና ንግግር ሰማሁ፤ ቃሉ አይለይም፣ ቁጣው ግን ይታወቃል። ስልክ ላይ ነው።

ወዲያው የክፍሌ ስልክ ጮኸ። ማን ያንሳው? ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። እኔም መቆም አቅቶኝ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጸሎቱን ግን አላቋረጥኩም፤ ካቋረጥኩ ሰውዬው ተኝቶ ነገሩ እንዳይረሳ ፈራሁ።

የውጭው በር ተንኳኳ። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ይሰማኛል። አንደኛው፣ «አትረብሹ ይላል እኮ» ሲል ሰማሁ። ያን ካርድ በዚያች ሰዓት ባገኘው በጥርሴ እቀደው ነበር። የቀረችኝን ጉልበት ሰብስቤ የመታጠቢያ ቤቱን በር በተረከዜ ደበደብኩት። ገቡ። መቀርቀሪያውን ሰብረው አወጡኝ። የብርቱካን ጭማቂ ሰጡኝ፤ ስጠጣው ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። የመርከቡ ሐኪም መጥቶ ስኳሬን ለካ። «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ…» አለና ቀሪውን ተወው።

ሳምሪ ስትመለስ ነገርኳት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «አይም ሶሪ ማሚ፣ መስኮት ያለው መያዝ ነበረብኝ» ትላለች።

«መስኮት በሩን አይከፍተውም ነበር» አልኳት።

ከቤት ይዤው የመጣሁትን ዳቦ ቆሎ በሰሐን አድርጌ የሰውዬውን በር አንኳኳሁ። ከፈተ። የሆነውን ከእንግዳ መቀበያ ሰምቷል። ላመሰግንህ ነው የመጣሁት አልኩት።

«እኔ አንቺን ላድን አልደወልኩም። ልተኛ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

ዳቦ ቆሎውን አገላብጦ አየ፤ አንዷን ቀመሰ፤ ሰሐኑን ግን አልመለሰልኝም። ስሙን ጠየቅሁት። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለጸሎት ነው አልኩት።

«በዝግታ ከሆነ፣ ዋልተር እባላለሁ» አለ።

በመጨረሻው ጠዋት፣ ሳን ፍራንሲስኮ ልንደርስ ስንል፣ ቃል ሳላወጣ ጸለይኩ። ማንም አላስገደደኝም። ይተኛ ብዬ ነው። ገና አሜን ሳልል ስልኩ ጮኸ። አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ ብዬ በንዴት አነሳሁት።

«ይቅርታ እመቤት፣ ጎረቤትዎ ደውለው ነበር» አለች ልጅቷ። «ዛሬ ምንም ድምፅ የለም፣ ደህና ናት ወይ ይላሉ።»

ለሳምሪ ስነግራት ከአልጋዋ ልትወድቅ ደረሰች። «ስትጮሂ ኮምፕሌን! ዝም ስትዪም ኮምፕሌን!»

አሁን ቤቴ ነኝ። ያ ክፍል ትዝ ሲለኝ ዛሬም እበሳጫለሁ። በዚያ መቀርቀሪያ እበሳጫለሁ፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መጥሪያ ደወል ባለማድረጋቸው እበሳጫለሁ። በገዛ ካርዴም እበሳጫለሁ። እትዬ የሺ ነገሩን ሰምተው፣ «አላልኩሽም?» ሲሉኝ ደግሞ ይብስብኛል። በመርከብ ለሚሄድ ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ ስልካችሁን መታጠቢያ ቤትም ቢሆን ይዛችሁ ግቡ፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ በር አትቆልፉ፤ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የሚቀመስ ነገር ከኪሳችሁ አይጥፋ። ጎረቤታችሁ የሚነጫነጭ ከሆነም አትጥሉት።

በማለዳ ጸሎቴ ልጄን፣ የሞቱብኝን፣ የታመሙትን በየስማቸው አነሳለሁ። መጨረሻ ላይ ዋልተርን እጨምራለሁ። የክርስትና ስሙን አላውቅም፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል። በዝግታ ብሎኝ ነበር። እዚህ ግን ቤቴ ነው፤ ጮክ ብዬ ነው የምጠራው።