እስከ እረፍት የነገሠው ንጉሥ

ሥራ የጀመርኩበት ቅዳሜ የተሰጠኝ ዕቃ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫና አንድ ብርድ ልብስ ነበር። ስቱዲዮው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ሥር ያለ ቤዝመንት ነው። ማሞቂያው ስለሚጮህ ቀረጻ ሲኖር ይጠፋል፤ ብርድ ልብሱ ለዚያ ነው። ከላይ የሐኪሙ መሰርሰሪያ ይሰማል። እሱን ማጥፋት አልቻልንም።

ሥራው የሕንድ ፊልሞችን ወደ አማርኛ ድምፅ መመለስ ነው። ሌሎች ተርጓሚዎች ከእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ይተረጉማሉ፤ እኔ ከሂንዲው እተረጉማለሁ። ንግግሩን የተማርኩት ዱባይ ሰው ቤት ስሠራ፣ አብራኝ ታበስል ከነበረች ሕንዳዊት ነው። ፊደሉን ግን አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ እዚህ ኮሌጅ ስገባ፣ ከላይብረሪ ባወጣሁት መጽሐፍ ብቻዬን ነው የቆጠርኩት።

የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ከንፈር መግጠም ይባላል። ተዋናዩ አፉን ሲከፍት አማርኛው ይጀምራል፤ ሲዘጋ ያልቃል። ከንፈሩ ገጥሞ ከታየ እዚያች ቦታ ላይ «መ» ወይም «በ» ያለበት ቃል መገኘት አለበት። ለአንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ቀን የፈጀሁበት ጊዜ አለ።

የመጀመሪያው ፊልማችን የነገሥታት ነበር። ሰይፍ፣ ዝሆን፣ ከካርቶን የተሠራ ቤተ መንግሥት፣ ዘፈን ሲመጣ ጦርነቱን አቁሞ የሚጠብቅ ጠላት። ሙሉውን ስክሪፕት አትሜ ለድምፅ ሰዎቹ በሙሉ አደልኩ።

ሚና የሚከፋፈል ዕለት ሰባት ሰዎች መጡ። አምስቱ ንጉሥ መሆን ፈለጉ፤ ስድስተኛዋ ንግሥት ካልሆንኩ አለች። አንዱን የበር ጠባቂውን ሚና እንዲይዝ ጠየቅሁት።

«እኔ አገሬ ላይ የመምሪያ ኃላፊ ነበርኩ። እዚህ መጥቼ ዘበኛ ልሁን?» አለኝ።

የመጣው ከዘበኝነት ሺፍቱ በቀጥታ፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ነበር።

ክርክሩን የጨረሱት አለቃችን አቶ ግርማቸው ናቸው። እዚሁ አቅራቢያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሊሞዚን ድርጅት አላቸው፤ ስቱዲዮውም የእሳቸው ነው። «ሊሰን፣ ንጉሡ እኔ ነኝ። ይብቃ!» አሉ። በቃ።

ሰባተኛው ሰው ጋሽ ተፈራ ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ድምፃቸው ግን የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ላይ ይሠራሉ። «ለኔ ፈረስ ጠባቂውን ስጪኝ። ማንም አልፈለገው» አሉኝ። ሰጠኋቸው።

አቶ ግርማቸው መንፈሱን ይሰጠኛል ብለው የልጃቸውን የሠርግ ካባ ደርበው መጡ። የካባው ከፋይ ጨርቅ እያንዳንዱ አዋጅ ላይ ይንኮሻኮሻል።

«ካባውን ያውልቁልኝ፤ ይሰማል» አልኳቸው።

«ንጉሥ ካባ ያወልቃል?»

«ማይክ ፊት ያወልቃል።»

አወለቁ፤ ግን ቅር አላቸው። አምስት ቅዳሜ ሙሉ እየጮኹ አሰሩ፣ አስገረፉ፣ ግብር ጨመሩ። ፈረስ ጠባቂውን ሲሰድቡ ጋሽ ተፈራ አጠገባቸው ቆመው «እሺ ጌታዬ» ይላሉ።

በስድስተኛው ቅዳሜ፣ ፊልሙ መሐል ላይ ተመልካች ከሚያርፍበት እረፍት በኋላ ያለውን ክፍል ጀመርን። አቶ ግርማቸው ገጹን ገልጠው ሁለቴ አነበቡት።

«ስንዱ፣ ይሄ ምንድን ነው? ንጉሡ ወንድሙን መርዞ ነው እንዴ የነገሠው?»

«አዎ።»

«ፈረስ ጠባቂውስ?»

«የሟቹ ንጉሥ ልጅ ነው። መጨረሻ ላይ እሱ ይነግሣል። እርስዎ እግሩ ላይ ወድቀው ይለምኑታል።»

«እኔ?»

«ንጉሡ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰጥቼዎታለሁ። ገጽ ስልሳ አንድ።»

የእሳቸው ቅጂ እስከ እረፍቱ ድረስ ቡና ፈሶበታል፣ ተሰምሮበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ከማተሚያው እንደወጣ ነበር።

«በቃ ፊክስ አድርጊዋ! መርዙን ሚኒስትሩ ይስጠው።»

«ጽዋውን የሚያቀብለው ንጉሡ ራሱ ነው። ፊቱ ስክሪኑን ሞልቶ ይታያል።»

ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው ከዚህ በኋላ ፈረስ ጠባቂውን እኔ ልሥራው። ጋሽ ተፈራ ወደ ንጉሡ ይዙሩ።»

«አንድ ሰው በፊልም መሐል ድምፁ አይለወጥም።»

«ዘውድ ሲጭን ይለወጣላ! ሥልጣን ድምፅ እንደሚለውጥ አታውቂም?»

አውቃለሁ። አምስት ቅዳሜ ስሰማው ነበር።

ጋሽ ተፈራ ወደ ደረጃው ጠሩኝ። ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ትኬት ቆራጭ እንደነበሩ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው።

«ይሄ ፊልም እኛ ጋ ወራት ቆይቷል። የፈረስ ጠባቂውን የመጨረሻ ንግግር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሂንዲው በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅሁት አንቺ ስትጽፊው ነው። እንዳይወሰድብኝ፣ ልጄ።»

«መጨረሻውን ያውቁ ነበር ማለት ነው? ታዲያ ለአቶ ግርማቸው ለምን አልነገሯቸውም?»

«ጠየቁኝ?»

እኔንም አልጠየቁኝም ነበር።

ተመልሼ ገባሁ። «ሁለታችሁም ሞክሩት። ከንፈር የገጠመለት ይውሰደው። ያለዚያ ስሜን ከፊልሙ አውጡ፤ ሂንዲ የሚያውቅ ሌላ ተርጓሚ ፈልጉ» አልኩ። ከዚያ በፊት እዚያ ቤት ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

አቶ ግርማቸው ሞከሩ። ፈረስ ጠባቂው የሚናገረው እየጋለበ ነው፤ ትንፋሹ አጭር ነው። እሳቸው ግን አዋጅ የሚያስነግሩ ይመስል ቃሉን ይጎትቱታል። በሦስተኛው ሙከራ የሰውየው አፍ ተዘግቶ የፈረሱ ሲከፈት፣ «እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ» የሚለው ከፈረሱ አፍ ወጣ። ዘበኛው ሳቀ። አሥራ አንድ ጊዜ ሞክረው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ ተፈራ ወረቀት አልያዙም። ተዋናዩ የት እንደሚተነፍስ ያውቃሉ፤ እዚያው ይተነፍሳሉ። በአንዴ ገጠመ። መሐል ላይ መሰርሰሪያው ስለገባበት እንደገና ቀረጽነው። እንደገናም ገጠመ።

የቀረው ልመናው ነበር። አቶ ግርማቸው ሁሉም ይውጣልኝ አሉ። «በሰው ፊት አልለምንም!» ፊልሙ በአዳራሽ እንደሚታይ አላስታወስኳቸውም። መቅጃውን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ቀረሁ። ለመኑ። በአንዴ ገጠመ። ከሥራቸው ሁሉ የተዋጣላቸው እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ አልመረመርኩም።

ፊልሙ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ታየ። ሲያልቅ አንዲት ሴትዮ አቶ ግርማቸውን በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው።

«አቶ ግርማቸው፣ እንዴት ያለ ልመና ነው! ሲያምርብዎት!»

ሁለት ሳምንት ስልክ አላነሱም።

ጋሽ ተፈራ የተቀመጡት መጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ ነበር። እንዴት አዩት አልኳቸው።

«ሰው አልወጣም» አሉኝ። የትኬት ቆራጭ መመዘኛ ነው፤ ከዚያ የበለጠ አልጠበቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፊልም ሠርተናል። አዲስ ፊልም በመጣ ቁጥር አቶ ግርማቸው ኮል አድርገው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «መጨረሻ ላይ የሚነግሠው ማነው?»

«ስክሪፕቱን ልኬልዎታለሁ፤ ያንብቡት» እላቸዋለሁ። አያነቡትም።

ወደዚህ ሥራ ለምትመጡ፦ ስክሪፕት እስከ መጨረሻው ገጽ ይነበባል፤ ሚና የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ማይክ ፊትም ካባ አይለበስም።