ከፎገራ ውሃ ሸሽተው የመጡት

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ በነበረበት ዘመን፣ በአንዱ ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ዋጡት። ወሬውን ያመጡልን ጎረቤታችን ጨው ነጋዴው ነበሩ። እስላም ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ግን እንደ ወንድማማች ነበሩ። ከወረታ በቅሏቸውን እየጎተቱ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው መጡና አባቴን ከደጅ ጠሯቸው።

"ሰዉ ጣራ ላይ ወጥቷል። የተረፈው ወደ እኛ እየመጣ ነው። ከነገ ወዲያ ሳይደርስ አይቀርም" አሏቸው።

እኔ ያን ጊዜ ባሌን ፈትቼ ወደ አባቴ ቤት ከተመለስሁ ዓመት አልሞላኝም። እናቴ ስለሞተች ጓዳው በእጄ ነበር። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነው፤ ዝናቡ ቀን ከሌት አያባራም።

አባቴ የሰፈሩ ሽማግሌ ስለነበሩ ፈቃድ ሊጠይቁ ወደ ጣሊያኖቹ ምሽግ ወጡ። ያለ ፈቃድ እንግዳ ማሳደር አይቻልም። የቡሄ ጅራፍ እንኳ ድምፁ ጥይት ይመስላል ተብሎ የተከለከለበት ጊዜ ነው። የጣሊያኑ ሹም በአስተርጓሚው በኩል ፈቀደ። ነገር ግን እያንዳንዱ አባወራ ያስገባውን ሰው ያስመዝግብ፤ ሽፍታ የተገኘበት ቤት ይቃጠላል አለ። ሽፍታ የሚሉት በዱር ያሉትን አርበኞች ነበር።

ይህ ከተሰማ በኋላ የሰዉ ልብ ቀዘቀዘ። ጠዋት "ሦስት ሰው እኔ ጋ ይምጣ" ያለው፣ ከሰዓት በኋላ "ቤቴ ያፈሳል"፣ "ሚስቴ አራስ ናት" አለ። የቆላ ሰው ወባ ይዞብን ይመጣል ያለም ነበር። አልፈርድባቸውም። እኔም የምፈርድ ሰው እንዳልሆንሁ በኋላ ታይቷል።

ጨው ነጋዴው ጨዋቸውን አንድ ጥግ ላይ ከምረው እቃ ቤታቸውን ለእንግዶች ለቀቁ። አባቴ በሬዎቻችንን ዘመድ ቤት አስጠግተው ጋጣውን ጠረጉ፤ እኔ ጓሳ ጎዘጎዝሁበት። ገብስ ቆልቼ፣ እጄ እስኪላጥ በሶ ፈጨሁ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ደረሱ። ከጠበቅነው በጣም ያነሱ ነበሩ። "ሌሎቹስ?" ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ለእኛ ቤት የደረሱን አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴትና ባሏ ናቸው። ባልየው ቀኝ ክንዱን በነጠላ ጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። አባቴ የቀሩትን ሊያስጠጉ ወደ ጨው ነጋዴው ቤት ስለሄዱ፣ ውሃ አሙቄ ቁስሉን ላጥብ ነጠላውን የፈታሁት እኔ ነበርሁ።

"ምን መታው?" አልኋት።

"ግንድ" አለች፣ ቀና ሳትል። "ውሃው ያመጣው ግንድ።"

ጥይት የመታውን ሰው ከዚያ በፊት አይቻለሁ። የዚህም ሰው ቁስል በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል የወጣ ቀዳዳ ነበር። ነጠላውን መልሼ ጠቀለልሁትና ብድግ አልሁ። ከዚያ በኋላ የታየኝ የሚነደው ጣራችን ብቻ ነበር።

"እህቴ፣ እዚህ መቆየት አትችሉም" አልኋት። "መዝጋቢው ዛሬ ይመጣል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሂዱ፤ ከእግዜር ደጅ የሚያስወጣችሁ የለም።"

አልተከራከረችኝም። "ትንሽ እሳት ሞቆ ቢሆን" አለች ብቻ። በሩን ከፈትሁላቸው። ባሏን ደግፋ አነሳችውና ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

አባቴ ቀትር ላይ ተመለሱና "እንግዶቹስ?" አሉኝ። ደግ አደረግሽ የሚሉኝ መስሎኝ ሁሉንም ነገርኋቸው። በርኖሳቸውን ከመስቀያው አነሱ።

"ቤት እንደሆነ ይሠራል፣ ልጄ" አሉኝና ጨው ነጋዴውን ከነበቅሏቸው ይዘው ሄዱ።

ደጀ ሰላሙ ቀድመው ማደሪያ ባጡ እንግዶች ሞልቶ ስለነበር፣ ያገኟቸው ከቅጥሩ ሥር ነው። ባልየውን በበቅሎ ጭነው ሲመልሱት ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ስንጠራውም አይመልስም።

አስተርጓሚው ሊመዘግብ ወደ ማታ ገደማ መጣ። ቁስሉ መሽተት ስለጀመረ አፍንጫውን ሸፍኖ ገባ።

"ይሄ ምን ሆኖ ነው?"

"የወንድሜ ልጅ ነው" አሉ አባቴ። "ግንድ መትቶት ነው።"

ክንዱን ለረጅም ጊዜ አየው። እኔ ምሰሶውን ይዤ ቆሜያለሁ። "ግንድ" አለ ለራሱ፤ ጻፈና ወጣ። አምኖ ይሁን አዝኖ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሰውየው በሦስተኛው ቀን ሞተ። አባቴ የወንድሜ ልጅ እንዳሉት የወንድማቸው ልጅ አድርገው ቀበሩት፤ ለቅሶም ተቀመጡለት። ቁስሉ ይሁን ብርዱ የገደለው፣ ማንም አልጠየቀም። ሴትየዋ ከእጄ አልበላ አለች። በሶ በጥብጬ ሳቀርብላት አይታ ትተወዋለች፤ አባቴ አንስተው ሲሰጧት ትጠጣለች። እሳቸው አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጎድል እሷም ልትሄድ ተነሳች። አጥሩ ድረስ ሸኘኋትና "ይቅር በይኝ" አልኋት።

"ፈርተሽ ነው" አለች። "እኔም ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።"

ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁል ወረደች።

በበጋው ጨው ነጋዴው ወረታ ገበያ ወርደው አግኝተዋት ነበር። መሬታቸውን አሸዋ ለብሶታል፤ ከብቶቹ አልተረፉም፤ እሷም ሰው ቤት እህል እየፈጨች ታድራለች አሉን።

አባቴ ሲወጡ ጠብቄ፣ "እኔንስ ሰላም ብላኛለች?" አልኋቸው።

የበቅሏቸውን መጫኛ እየፈቱ፣ "ስለ አባትሽ ጠየቀች" አሉኝ።